ድርብ ክር

ሸዋ በር፣ ከጠባቧ ሱቄ፣ ተቀምጬ ከሲንጀሬ፣
ይመር ጫኔን በጀርባው ነው የማውቀው፣ ቁጥሩን ሰፍቼ፣ ተርትሬ።
ፊቱንማ ማን አየው፤ ጋዜጣ አላወጣው፤
እኔ ዘንድ ሐምሌ ነው፣ ከጉሙ ጋር የሚያመጣው።
«አያ ዳምጤ፣ ይሄን ፍታው» ይላል፣ በሩ ላይ ቆሞ፣
ሻንጣው ትከሻው ላይ፣ ዕድሜው ከእግሩ ቀድሞ።

ማሊያው አንድ ነው፤ አረንጓዴ፣ አንገቱ የላላ፣
ኮምቦልቻ ፋብሪካ ያለበሰው፣ ገና ሳይጠነክር ገላ።
ክለብ ይቀየራል፣ ማሊያው አይቀየርም፤
«ልምምድ በዚህ ነው፤ ሌላው አይሞቀኝም»።

መጀመሪያ ሦስት ቁጥር ነበር፣ የግራ መስመር ጠባቂ፤
ከዚያ አሥራ ሦስት፣ ባህር ዳር፣ ወንበር አሟቂ።
ድሬዳዋ ሃያ አንድ፤ ፀሐይ ሣሩን ያረረችበት፣
ደሞዝ አራት ወር የዘገየበት፣
ሆቴሉ ሻንጣውን በዕዳ የያዘበት።
ጅማ ላይ ስምንት፤ ያውም ለአሥራ አንድ ቀን፤
አሠልጣኙ ተባረረና፣ «የሱን ሰዎች አንፈልግም አሁን»።
አርባ ምንጭ ቁጥር አልሰጠችውም፤ ሙከራ ነበር፤
በየካቲት፣ በውሰት፣ ወደ ወልዲያ፣ በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ጋር።
ሲያልፍ ሱቄ ወረደ፤ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣
ሃያ ስድስትን ቆሞ ጠበቀ፣ እስክሰፋ።

ጨርቅ ግን አይረሳም።
ሦስቱን ብፈታው፣ ቀዳዳው ሦስት ሆኖ ይቀራል፤
አሥራ ሦስቱ ጎኑ ላይ፤
መስኮቱ ላይ ስሰቅለው ሁሉም ይበራል፣
እንደ ወንፊት፣ ዱቄት የሌለው፣ ጠዋት ሲታይ።

አንድ ክረምት ጠየቅሁት፦ «ምን አገኘህ ከዚህ ሁሉ መንገድ፣
በየዓመቱ በሐረጎ ጥምዝምዝ ቁልቁል ስትሄድ?»
ሳቀ። «አያ፣ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ስንት ዓመትህ?
የትኛው ሙሽራ ነው፣ በሠርጉ ቀን፣ ስምህን የጠራልህ?»
መቀሴን አስቀመጥኩ።

ጎሉማ፣
እሑድ ነው፤ ሬድዮኔ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጧል፤
ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ፤ ዜሮ ለዜሮ፤ ብርዱ ጣቴን ቆርጧል።
«ከርቀት መታ! ገባ! ሃያ ስድስት ቁጥር!» አለ ጋዜጠኛው፣
ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማል፤ «አስቆጣሪው... ተካ ወርቄ ነው!»
ተካ የለም፤ አምና ሄዷል፣ ክለቡን ለቆ፤
ባዶ ሱቅ ውስጥ ብድግ አልኩ፣ ክሩ ከአፌ ወድቆ።
«ይመር ነው!» አልኩት አሻንጉሊቱን፣ የሙሽራ ኮት የለበሰው፤
«ይመር ነው! ሃያ ስድስትን እኔ ነኝ የሰፋሁት ሰው!»

ማታ ደወለልኝ። ስለ ጎሉ አላነሳም።
«ወልዲያ ነፋስ ነው» አለ፤ «ጉልበቴ ግን ዛሬ አላመመኝም»።

አሁን ሠላሳ አራት ሞልቶታል። ስልኩ ዝም ብሏል።
ሐኪሙ «ጉልበቱ እንዳይደርቅ ቀስ እያልክ አንቀሳቅሰው» ብሎታል፤
የኔም እግር ደክሟል፤ ከሰዓት እየመጣ ፔዳሌን ይረግጥልኛል።
ያ ግራ እግር፣ ባምስት ከተማ ሣር የረገጠ፣
ጫማውን አውልቆ፣ የኔን ሲንጀር ሊያዞር ተቀመጠ።
«ቀስ» እላለሁ፤ ይፈጥናል፤ ክሩ ይበጠሳል፤
ይስቃል፤ በምራቁ አርጥቦ እንደገና ይቀጥላል።

ትናንት የሆጤ ልጆች መጡ፣ አሥራ አራት ማሊያ ይዘው፤
ጆሮ ትልቁ፣ ቀጭኑ፣ ከሁሉም ኋላ የቆመው፣
«ሃያ ስድስት» አለ።
«ለምን?»
«እንዲሁ። ሌላው ተይዟል»።

ይመር እግሩን ከፔዳሉ አነሳ።
የልጁን ጀርባ በዓይኑ ለካ፤
ጨርቁን በሁለት ጣቱ ሳብ፣ ለቀቅ አደረገና፣
«አያ» አለኝ፣ «ድርብ ክር አድርግበት፤
ከኋላ ይጎትቱታል»።