ሁለተኛዋ ጠቅታ

በርገን ይዘንባል፤ ትናንትም ዘንቦ ነበር፤
ያገሩ ሰው አይሰማውም፣ ለምዶታል እንደ አየር።
ቶርላይፍ ግን ይሰማል።
አንዷን ጠብታ፣ ተከትላት የወረደችውን፣
አርባኛዋን፣ ከቆርቆሮው እስከ ቦይ፣
ሁሏም እንደ አዲስ፣ ሁሏም "እኔን እይ!"

"በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል" የሚሉት ተረት
ለእሱ አልሠራለት፤
የገባው ሁሉ እዚያው ነው፤ ከነጫማው፣ ከነጃንጥላው፣
መውጫ በር የጠፋው።

በእኛ ጆሮ ደጃፍ በረኛ ቆሟል፤
"አንተን ቅድም አይቼሃለሁ፣ ተመለስ" ይላል።
የእሱ በረኛ ግን ቁልፉን ታቅፎ
ያንኮራፋል፣ ግድግዳ ተደግፎ።

እኔ ሱልፍሪድ ነኝ፤ ሥራዬ ሽቦ መለጠፍ።
በራስ ቅሉ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቼ፣
መብራት አደብዝዤ፣ በሩን ዘግቼ፣
በማዳመጫው ሁለት ድምፅ እልካለሁ፦

ጠቅ።

ጠቅ።

የእኔ አእምሮ ቢሆን ለፊተኛው ይነሣል፣
ለኋለኛው "ሰምቻለሁ" ብሎ ያንቀላፋል።
በእሱ ወረቀት ላይ ሁለቱም ተራራ ናቸው፣
ከመስኮታችን ማዶ እንዳሉት፣ የሚበላለጥ የሌላቸው።

"አምስት ደቂቃ" ይለኛል፤ ይወጣል ወደ በረንዳ፤
ክረምት ከበጋ አንድ ጃኬት፣ አንገቱ ላይ የተቀደደ።
ትንባሆውን ጠቅልሎ፣ ጣቱ እንደ አሮጌ ብራና ቢጫ፣
አንዴ ስቦ፣ ደግሞ ስቦ፣
ሲመለስ ሌላ ሰው ነው፤ ልቡን ሰብስቦ።

ሽቦውን መልሼ፦ ጠቅ።
ጠቅ።
ሁለተኛዋ ተራራ ዝቅ፤
ኮረብታ ሆነች፣ ከዚያም ጉብታ።
"ሱልፍሪድ፣ ዝናቡ ቆመ እንዴ?" አለኝ በእርጋታ።

መስኮቱን አየሁት። ዶፍ ነበር።

ያኔ ነው ስለ ጀልባው ያወራኝ፤
ሃያ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ሞተር ጠጋኝ፣
በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል
የላላች ብሎን በጆሮው የሚለይ ባለሙያ።
ዓረፍተ ነገሩ ከራሱ እስከ ጭራው ሳይበጠስ ደረሰ።
ስለ እናቱም ጀመረ፤ አልጨረሰ።

ሩብ ሰዓት ነው ምሕረቱ፤ ቢበዛ ግማሽ።
በረኛው በኒኮቲን ጥፊ ነቅቶ፣
ያሸልባል ደግሞ፣ ያው ግድግዳ ላይ ተኝቶ።
ጭሱ ሳንባውን ይበላል፤
ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን ጉልበትም ይበላል።
ነርሷ "ማስቲካውን ሞክር" ትለዋለች፣ ደግ ሴት ናት፤
ማስቲካው ኪሱ ውስጥ ነው፣ ከነማሸጊያው፣ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ።
እኔ ምን ልበል? ሳሉን በበሩ ሥር እሰማለሁ።
ማንም የማይጎበኘው፣ ስልኩ የማይጮኽ ሰው፣
ሸክሙ የሚቀለው ሲጋራ ነው።

ማታ አውቶቡስ ስጠብቅ ጃንጥላዬን አጥፌ ቆምኩ፤
አንድ ጊዜ እንኳ እንደ እሱ ልስማ ብዬ አደመጥኩ።
የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሬ ላይ ወደቀች፣
ሰማኋት።
ሁለተኛዋን ጠበቅሁ።
አውቶቡሱ መጣ፤ ጫማዬ ውኃ ሞልቶ ነበር።