ያለ ልክ

የሙክታር ልብስ ስፌት፣ ቡሬ፣ ገበያ ዳር፣
ከበርበሬው ተራ፣ በሚያስነጥስ አየር፤
አንድ ሲንጀር መኪና፣ አንድ የብረት መቀስ፣
ከምስማር ላይ ደግሞ ቀን የሚጠብቅ ልብስ።

ጢሙን አይነካውም። የሱሪውን ጫፍ
ከቁርጭምጭሚቱ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ነው የሚዘመዝም።
በሠርጉ ዕለት እንኳ ድቤ አልተመታም።
አባቱ ሼህ እንድሪስ፣ የመውሊዱ አውራ፣
ዕድሜውን የጨረሰ ነቢን በመንዙማ ሲጠራ፣
ልጁ «ቢድዓ ነው» ብሎ ቢከለክለው
ድግሱን ጥሎ ወጣ፣ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ነው።
ሁለት ዓመት ሆናቸው፣ ሰላምታ ከጠፋ፤
በአንድ ከበሮ ቆዳ የአባትና የልጅ ፊት ከከፋ።

እኔ አይቸው ነኝ፣ የፎቶ ቤቱ፤
ሠርግም ክርስትናም የምቀርጽ፣ እንደ ወረቱ።
ሦስት ሰዎች መጡ ከአዲስ አበባ፣
በነጭ መኪና፣ የዳሞትን ጭቃ ለብሳ እንደ ካባ።
«አንድ ሰው አሳየን» አሉኝ፣ «ጢማም፣ ሱሪው ያጠረ»፤
ወሬው ሳይመጡ በፊት አልቆ፣ ተጠርዞ ነበረ፤
የጎደለው ፊት ብቻ ነው።
አበሉ ጥሩ ነው። መራኋቸው።
ይባስ ብዬ (ይህንን ማንም አላዘዘኝም)
ካሜራውን ከመሬት አስጠግቼ
ከእግሩ ወደ ላይ፣ ቀስ እያልሁ፣ ቀረጽሁላቸው።
ከታች የተነሣ ሰው ግዙፍ እንደሚሆን አውቃለሁ፤
አጭር ሙሽራ ሲገጥመኝ እንዲያ ነው የማደርገው።

አርባ ደቂቃ አወራ። ስለ ክር ዋጋ፣
ስለ ቻይና ዚፕ፣ ሳምንት ሳይሞላው ስለሚላጋ፣
ስለ ልጁ ሂሳብ፣ አራተኛ ክፍል፣
ስለ መርጌታ ካባ፣ ዘቦው በመርፌ እምቢ ስለሚል።
«ሙዚቃስ?» አሉት። ፈገግ አለ።
«በእኔ ቤት ሐራም ነው። ጎረቤቴ ቢጨፍር ደስታውን ይጨርስ፤
እኔ ልብሱን እሰፋለሁ፣ ለጭፈራው እንዲደርስ።»

እሑድ ማታ ወጣ። መብራት ነበር፣ እንደ እርግማን።
አርባው ደቂቃ ተተርትሮ ስምንት ሰከንድ ሆኗል፤
«ሐራም ነው» የምትለዋን በልክ ጠቅመው አስቀርተዋል።
«በእኔ ቤት» ከቁርጥራጩ ጋር ወደቀች፤
ፈገግታውም፣ ዚፑም፣ የመርጌታም ካባ።
ቀጥሎ እግሩ መጣ፣ ያ እኔ የቀረጽሁት፣ በዝግታ፤
ከሥሩም ከበሮ፣ ጥልቅ፣ ልብ የሚመታ፣
ድም... ድም... ከርምጃው ጋራ።
በገዛ ሠርጉ ድቤ የከለከለው ሰው
አገር ፊት አለፈ፣ በከበሮ ታጅቦ፣ እንደ ሙሽራ።
«ጽንፈኛ» የሚል ቃል ከደረቱ በታች ተጻፈ፤
ስሙን ግን ማንም አልጻፈ።

ሼህ እንድሪስ ሻይ ቤት ሆኖ አየው።
መጀመሪያ ሳቀ አሉ። ኋላ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረ፤
«እኔ አባቱ ለምኜው እምቢ ያለኝን ድቤ
እነዚህ ሳይጠይቁት መቱበት?» ብሎ ምርኩዙን አነሣ።
ሰኞ ጧት ከሱቁ ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ፣ ተቀምጦ ተገኘ።
አልታረቁም። ስለ ድቤው ዛሬም አይስማሙም።
ዝም ብሎ ብቻ ተቀመጠ፣ ደንበኛ እስኪመጣ፤
ደንበኛም ቀረ፣
የመርጌታም ካባ ከምስማሩ ላይ፣ ተሰፍቶ አልቆ፣ የሚወስደው አጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ሱሪ ይዤ ሄድሁ።
ሌላም የያዝሁት ነበር፤ ምላሴ ላይ አድርቄ መለስሁ።
ሽማግሌው ከበርጩማው ሳይነሣ እግሩን ሰብስቦ አሳለፈኝ።
«ልኬን ታውቀው የለም? ዝም ብለህ ቁረጠው» አልሁት።
ሙክታር ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤
«የማውቀውንም ሰው ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም። ቁም» አለኝ።
ቆምሁ። እሱ ተንበረከከ።
ከቁርጭምጭሚቴ ጀመረ፤
ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ እያለ፣ ለካኝ።
ወገቤ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።
«ቀንሰሃል» አለ፣
እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ፣
ደብተሩ ላይ ጻፈ።