በሐመሩ ሐ

ውሃ ቆጣሪ አነባለሁ።
ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ በር አንኳኩቼ እገባለሁ፤
ክዳኑን አንሥቼ፣ አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ፣
አራቱን አኀዝ በሰማያዊ እስክሪብቶ መዝገቤ ላይ አድርጌ
«ደኅና ዋሉ» ብዬ እወጣለሁ።

ይኼ ፊት ለፊቱ ነው።
መዝገቡ ሲገለበጥ ግን የጀርባው ገጽ የራሴ ነው፤
እዚያ ቁጥር የለም። እዚያ፣
ዘንባባ ሥር ተቀምጬ፣ የምሳ ሰዓት መዋያ፣
ሻላው ውሃው ላይ ሲያርፍ፣ አጥማጁ ቀረሶውን ሲያራግፍ
አንድ ሁለት ስንኝ እጽፍ
ነበር።

ነበር ያልኩት፣ ክረምቱ ሲገባ
ሐሳቤን እምቦጭ ወረሰው፤ አረንጓዴ ነው፣ ያብባል፣ ግን ጀልባ
አያሳልፍም።
ወረቀቱን አየዋለሁ፤ ወረቀቱም እኔን ያያል፤
«ማን ያነበዋል?» እለዋለሁ። «ማን ያነበዋል» ይላል።
አንድ ቃል ጽፌ ሦስት ሰረዝኩ፤
ሒሳቡ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ግን ሰረዝኩ።
ሐምሌም ነሐሴም እንዲህ አለፈ፤ መዝገቤ ከፊት እየሞላ፣
ከጀርባ ባዶ፣ እንደ ኪሴ፣ ደመወዝ ከወጣ ሳምንት በኋላ።

እትዬ ዝማም ቤት ቆጣሪው ቆሟል።
ግንቦት 0417። ሰኔ 0417። ሐምሌም እንዲያው ከርሟል፤
ሴትዮዋ ዘጌ ሄደዋል፣ እኅታቸውን ሊያስታምሙ፤
ጎረቤት ከፍቶልኝ ስገባ፣ ማንጎና ጌሾ ብቻ ናቸው የቆሙ።
ያን ቁጥር ደግሜ ስጽፍ፣ የኔን ስም የያዘ መሰለኝ፤
«ተበላሽቷል» ብዬ ላመለክት ነበር፤ አላስቻለኝም፣ ከለከለኝ።

ከመስቀል በኋላ ሄድኩ። ክዳኑን ሳነሣ፦
0418።
አንድ ሜትር ኪዩብ። አምስት በርሜል ቢሆን ነው።
እትዬ ዝማም ልብስ ያሰጣሉ፤ ከስተዋል፤ ጥቁር ነው የለበሱት።
ቧንቧቸው ጠብ… ጠብ… ይላል፤
ቆጣሪው ውስጥ ያለችው ቀይ ኮከብ፣ ያቺ ትንሽ መዘውር፣
በያንዳንዷ ጠብታ ልክ ጥቂት፣ ጥቂት ስትዞር
አየሁ።
«ያጥብቁት፣ ያፈሳል» አልኳቸው፣ ደንቡ ነውና፤
በልቤ ግን፦ ይተዉት፣ ይንጠባጠብ፤ ገና
ገና ነው።

የዚያን ቀን ስድስት መስመር ጻፍኩ።
(ቧንቧውንም መስመር እንላለን እኛ መሥሪያ ቤት፤
ተዘጋ እንላለን። ሁሉም አይቆፈርም፤
አንዳንዱ መታ መታ ሲደረግ ይበቃዋል።)
በማግስቱ አራት። ዓርብ ምንም። ቅዳሜ አንድ፣ እሷም ሰባራ።
ወር ሲያልቅ፣ በጥድፊያ፣ ግልባጩን ትቼ ዋናውን ሰጠሁት ለአቶ ቢራራ።

አቶ ቢራራ፣ ከማኅተም በቀር የሚወዱት የለም ይባላል፤
ሠላሳ ዓመት ሲደምሩ ፊታቸው ራሱ ድምር መስሏል።
አስጠሩኝ። «ይህ ጀርባው ላይ ያለው የየትኛው ደንበኛ ነው?» አሉ።
ዝም አልኩ። መነጽራቸው ውስጥ ስንኞቼ ተገልብጠው ይታያሉ።
በቀይ ቀለም አንዲት ፊደል ከበዋል። ሌላ ምንም፤
ጥሩ ነው የለም፣ መጥፎ ነው የለም።
«‹ሀይቅ› ብለሃል፣ በሃሌታው። ሐይቅ በሐመሩ ነው የሚጻፍ፤
ሐመር መርከብ ነው ልጄ፤ መርከብ ከሌለው በምን ይታለፍ?»
መዝገቡን መለሱልኝ። ዐይናቸው ድምሩ ውስጥ ዳግም ተቀበረ።
በሩን ልዘጋ ስል፦
«አራተኛው ገጽ ላይ፣ ታንኳ የተሳፈረው ሰውዬ የት ቀረ?»

አላውቅም ነበር።
ወደ ዳር ወረድኩ። ወጣቶች እስከ ደረታቸው ገብተው
እምቦጭ ይጎትታሉ፤ ክንድ ያህል ያጸዳሉ፤ ንፋሱ ይመልሰዋል፤
እየተሳደቡ ይመለሳሉ፣ እየሳቁም።
ከወዲያ አንዱ የደንገል ታንኳውን ፀሐይ ላይ አቁሟል፤
ቀኑን ሙሉ ውሃ ጠጥቷል፤ ካልደረቀ ነገ ይሰጥማል።

ተቀመጥኩ። መዝገቡን ገለበጥኩ።
ስሕተቴን ሳልፍቅ
በላዩ ጻፍኩበት፦ ሐይቅ።
ሰውዬውን እዚያው አገኘሁት፣ ከሰኔ ጀምሮ የጠበቀኝ፤
መቅዘፊያው ጭኑ ላይ ነው።
«እንሂድ?» አለኝ።