ተረኛ

ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣
ከዓይን ክሊኒኩ በር ወንበሬ ተጥሎ፣
ስድስት ዓመት አደርኩ።
ሌሊቴን በደመወዝ፣ በወር እሸጣለሁ፣
ቀን ቀን ከቆርቆሮ ሥር እገላበጣለሁ።

አንድ ሌሊት ታዲያ
ዶክተር ኤፍራታ፣ ተረኛ ሆና አምሽታ፣
ጣቷን ግድግዳው ላይ ወዳለው የዓይን ሥዕል አንስታ፣
«ጋሽ ይርዳው» አለችኝ፣
«እዚህ ውስጥም እኮ አለ፣ እንደ እርስዎ ዘበኛ፣
ቁልፍ የሚቀባበል፣ የቀንና የሌት ተረኛ።

«ሬቲና ይሉታል፤ ከዓይን ኋላ የተነጠፈ፣
ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ስንት መልክ በላዩ ያለፈ።
ሲመሽ ሜላቶኒን ይገባል፣ ፋኖሱን ከጉያው ሸሽጎ፣
ያን ለፍላፊ ዶፓሚን ዝም ያሰኘዋል፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ፤
‹ቀለሞቹን ሰብስብ› ይለዋል፣ ‹ቀዩንም አረንጓዴውንም ዝጋ፤
ጭል ጭል ላለችው ብቻ በሩ ይከፈት፣ እስኪነጋ።›
ደግሞ ንጋት መጥቶ ሲያንኳኳ በሩን፣
የሌቱ በተራው ለቀኑ ያስረክባል አገሩን።
አንዱ ሲናገር አንዱ ዝም ነው፤
አብረው አይቀመጡም።»

«ሰዓቱን ማን ነገራቸው?» አልኳት።
«ማንም። ጨለማ ውስጥ ቢዘጉ እንኳ፣
ራሳቸው ይቆጥራሉ።»

ሳቅሁ።
ፈረንጅ ቀኑን የሚያዞረው በእኩለ ሌሊት፣ ሲተኛ፤
ዓይን ግን ከፀሐይ ነው የሚጀምረው፤ ሰዓቱ የእኛ!

ችግሩ ወዲህ ነው።
ካምና ጀምሮ ከወንበሬ ትይዩ
ነጭ የመንገድ መብራት ተተክሏል።
ዓይን ቢወጉ አይታይም ይባል ነበር ጨለማው፤
ያን ድንግዝግዝ ከፒያሳ ላይ ማነው አሁን የቀማው?
የሌቱ ተረኛ መጥቶ፣ መብራት ያይና በሩ ላይ፣
«ሰዓቴ አልደረሰም ለካ» ብሎ ይመለሳል ወይ?
ዶክተሯን አልጠየቅኋትም። መልሱን ፈርቼ ይሆናል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወልደሰንበት ይመጣል፤
መዝገቡን ፈርሞ፣ በሞቀው ወንበሬ ይቀመጣል።
ወደ ተክለ ሃይማኖት ስወርድ፣ ከተማው አመድ ለብሶ፣
የታክሲው ሰማያዊ ነው ቀድሞ የሚነቃ፣ ከሁሉ ገስግሶ፤
የቲማቲሙ ቀይ ግን ኋላ ነው የሚመጣ፣
ጥቁር መስሎ ቆይቶ፣ ፀሐይ ጨርሳ ስትወጣ።

ቤት ስደርስ ስንዱ ወጪ ናት፤ ቁርሴን በሳህን ከድና፣
መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ ጨለማ አበጅታልኛለችና።
አሥራ ሦስት ዓመት በትዳር፣ እንደዚያ እንደ ሁለቱ ተረኞች፣
የበር ላይ ባልና ሚስት፣ የቁልፍ ተቀባባዮች።

እንቅልፍ እየጣለኝ፣ ዓይኔን በግድ አቆየዋለሁ፤
የሻሿን ቀለም ሳላይ እንዴት እተኛለሁ?

ዛሬ ቀይ ነው።
አየሁት።
በል እንግዲህ ግባ፣ የሌቱ ተረኛ፤
ከመጣህ።