ዜሮው ጫፍ

ሻይ ላፈላ ነበር የተቀጠርኩት፣
ፍርስራሽ ለክተው መዝግበው ለሚውሉት።
ሜትር ያዡ ልጅ በትኩሳት ቀረና
ኢንጂነር ሑመይድ ግራ ቀኝ አየና
ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀበለ፤
«ይህን ያዥ፣ ብቻ እንዳትለቂው» አለ።
ሰጠኝ የሜትሩን ጫፍ፣ ዜሮ ያለበትን፣
የቁጥር ሁሉ መነሻ፣ ራሱ የማይቆጠረውን።

ከኸሰብ ሽቅብ ነው፣ መኪናው እስኪደክም፣
ከዚያ በእግር፤ ጥላ የሚባል የለም።
መርከቦች ከታች ወደ ሆርሙዝ ያዘግማሉ፣
ጌታ የሌላቸው ፍየሎች ቆመው ያያሉ።
የእርከኑ ካብ ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ወርዷል፤
ገብስ የታጨደበት መደብ እሾህ ለብሷል።
አንዲት ቁርቁራ በጉድጓዱ አፍ ቀርታለች፣
ውሃውን ሳይሆን ወሬውን ትጠብቃለች።

ቢጁ፣ የኬረላው ልጅ፣ ወረቀት ዘርግቶ
ዐምዶቹን በእርሳስ አስምሯል ተጠንቅቆ፦
ርዝመት። ስፋት። የግድግዳ ውፍረት።
ጉዳት፣ በመቶኛ።
አሥራ ሦስቱ ወድቀዋል፤ ይህኛው
«ቤት ቁጥር አሥራ አራት» ነው።
የተወለደበት ሰው እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

በሩ ከወገቤ በታች ነው። ቀጭኗ እኔ ነኝና
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ገባሁ በደረቴ።
ወለሉ ከመሬት ጠልቋል፤ ቀዝቃዛ ነው፣
ያላሰብኩት ቅዝቃዜ፣ በዚህ አገር፣ በሐምሌ።
«በር!» ጮህኩ ከውስጥ፤ «ስፋት ሃምሳ ስምንት፣
ቁመት ሰማኒያ!» ተጻፈ ባንድ ቅጽበት።
«ጋን!» አልኩ ደግሞ፤ «ሆዱ መቶ አሥር ነው።»
ቢጁ ዝም አለ። «አይሆንም፣ እንደገና ለኪው።»
ለካሁ። መቶ አሥር።
«በዚህ በር ይህ ጋን አይገባም» አለኝ፤
«ወይ በሩን ተሳስተሻል፣ ወይ ጋኑን፤ ንገሪኝ።»

ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ትንሿን መጥረቢያውን
ተመርኩዞ የተቀመጠው አቡ ሱለይም ሳቀ፦
«ልክ ናት ሴትዮዋ። ጋኑ ነው የቀደመው።
እናቴ ጋኑን አቆመች፣ አባቴ ቤቱን ከበበው።
እህል እንዳይሰረቅ ብለን በር አጠበብን፤
ጋኑን ማንም አልወሰደው፤
እኛም ሳንወስደው ሄድን።»

እጄን ከጋኑ ሥር ሰድጄ ስዳብስ
አንዲት ጠጠር ነካሁ፣ እንደ ቴምር ፍሬ።
«ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል» ይሉ ነበር በሀገሬ፤
ተረት ነበር የመሰለኝ እስከ ዛሬ።
ላነሣት ቃጣኝ፣ ለማስታወሻ፣ ለኪሴ፤
ተውኳት፣ ሃምሳ ዓመት የቆመው እንዳይወድቅ በራሴ።

እኔም የካብ ቤት ልጅ ነኝ፤ ሾንኬ፣ ከገደሉ አፋፍ።
የአባቴን የበድሩን ግድግዳ
ጦር አልነካው፣ ጎርፍ አልወሰደው።
በየወሩ ከዚህ የላክሁት ሪያል
ከሚሴ ላይ የቆርቆሮ ቤት አቁሟል።
እናቴ ወረደች፣ ወንድሞቼም ወረዱ፤
ቧንቧ አለ፣ መብራት አለ፣ ቅርብ ነው መንገዱ።
እሰየው ነው። እኔው ነኝ «ውረዱ» ያልኩት።
ሰው ቤት ስጠርግ ኖሬ የኔን ቤት ጠረግሁት።

ሲመሽ አቡ ሱለይም የእንጨት ቁልፉን አወጣ፣
ክንድ የሚያህል። ቢጁ ዐምድ ፈለገለት፣ አጣ።
ከጋንና ከጨለማ በቀር የሚሰረቅ የለም፤ ቆለፈ፤
መቃኑን ሁለቴ ነካ አድርጎ አለፈ።

ማታ ደወልኩ፦ «እማ፣ ላስቸግርሽ፣
አንድ ቀን ሾንኬ ወጥተሽ
የቤታችንን በር በስንዝር ለክተሽ ንገሪኝ።»
«ምነው ልጄ፣ ልትሸጪው ነው?» አለችኝ።
«አይደለም።»
«ታዲያ?»
የምለው አጣሁ፤
ዜሮው አሁንም ከጣቴ አልወጣም።
ቆየችና ሳቀች፦ «እሺ፣ እወጣለሁ፣
ቁጥሩን ግን እንዳታምኚው፣ ከወዲሁ ልንገርሽ።
ስንዝሬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ጣቴ ተኮማትሯል፤
በዚህ እጅ ብለካው
በሩ ትልቅ ይሆንብሻል።»