ቀለበቷን አታዙር

ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ከደረጃው ሥር ናት የኔ መስታወት ቤት፣
ሁለተኛ ሰው ከገባ ክርን የሚታጠፍበት።
ፒያሳ ሲፈርስ ተነቅዬ መጣሁ ከነጠረጴዛዬ፣
ከነሙሴ ሃጎፕ መቆንጠጫ፣ ከነአንድ ዓይን ማጉያዬ።
ሥራዬ ጥቃቅን ነው፤ ብሎኑ ከጤፍ ያንሳል፣
ካስነጠስኩ አለቀ፤ መዳፌ ወለል ይዳስሳል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ በገባ ሳምንት፣ አንድ ጎልማሳ መጣ፣
ከባድ ሰዓት አጥልቆ፣ ከሳጥኑ ገና ትናንት የወጣ።
«ሦስት ሰንሰለት ቀንስልኝ፣ ሰፋኝ።»
ዋጋውን ነገረኝ። በቤት ኪራዬ አካፈልኩና ተውኩት።
«ሦስት መቶ ሜትር ይጠልቃል!» — «አንተስ?» ብዬ ጠየቅኩት።
ሳቀ። «እኔማ ዋና አልችልም፤ ሶደሬ እግሬን ነከርኩት።
ግን ታሪክ አለው፤ የባሕር ኃይል ነው፣ በጨለማ የሚያበራ፣
ፈንጂ ይዞ ከመርከብ ሆድ ሥር ለሚገባ፣ ለማይፈራ።»

ጠላቂ። እዚህ ከተማ የማውቃት ጠላቂ ፀሐይ ናት፣
እሷም ከኮልፌ ማዶ፣ አቧራ ለብሳ፣ ማታ ማታ፣
ማንም ገመድ ሳይይዝላት።

ሌላም አለ። ከበሩ ሥር ካፖርቱን ታቅፎ ተቀምጧል፣
አቶ ሸዋንግዛው፤ በየሰኔው ከዝናቡ ጋር ይመጣል።
የሱ ሰዓት ቀለም የላትም፤ መስታወቷ ተጭሯል፣
ከጀርባዋ መልሕቅ አለ፤ ግማሹን ላብ በልቶታል።
እኔ ሦስት ሰዓት ስል እሷ ሁልጊዜ ዘጠኝ ትላለች።
«አትንካት» ይለኛል፤ «በመርከብ ሰዓት ናት፣ ለምዳለች።
ጎማዋን ብቻ ቀይር፣ ውኃ እንዳታስገባ።»
አንድ ዓመት ቀለድኩበት፦ «የት ያለ ውኃ፣ አባባ?
ከባሕር በላይ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ተሰቅለን!»
«ለዚህ ነው» አለ። ዝም ተባባልን።

እኔ ባሕር አላየሁም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ በልቻለሁ፤
የቀረውን በሰው ሰዓት ጀርባ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንብቤዋለሁ።

አምና ነው ያየሁት። ክዳኗን ስከፍት ነጭ ነገር፣ ጨው፣
ሰው ሲያረጅ፣ አገር ሲለወጥ፣ ሳይሟሟ የቆየው።
ቀለበቷም ነክሳ ቀርታለች፤ ያቺ በጠርዟ የምትዞር፣
ጠላቂ ሲወርድ አየሩን በደቂቃ የምታስቆጥር።
ዘይትና ብሩሽ አነሣሁ። እጁ እጄ ላይ ወደቀ፦
«ሁሉን አጽዳ። ቀለበቷን አታዙር።»

ከዚያ፣ ሳልጠይቀው፣ ወደ መንገዱ እያየ፦
«ከምጽዋ ወጥተን፣ ዳህላክ አጠገብ። ሁለት ሰው፣ አንድ ሰዓት።
ቢራቱ ከኔ በታች ነበር።
ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበር አየራችን።
በሃያ ሁለተኛው ወጣሁ። ገመዱን ሳብኩት።
ቀለለኝ።»

ይህን ሁሉ ጎልማሳው አያውቅም። መልሕቁን አይቶ ደነገጠ፣
«ኦሪጅናል ናት አባባ? ትሸጣለች?»
ስልኩን ለፎቶ መዘዘ፣ አስጠጋ፣ አፈጠጠ።
ሽማግሌው መልስ አልሰጠም። የልጁን እጅ ያዘ፣ እንደ ሐኪም፣
የአዲሷን ቀለበት አዞረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ አልቸኮለም።
«ጥሩ ድምፅ አላት» አለ። «ስትወርድ ገመዱን ማን ይይዝልሃል?»
ልጁ ወደኔ ዞረ። እኔ ሰንሰለት ቀናሽ ነኝ፤ መልሱ ከየት ይመጣል?

አዲስ ጎማ አገባሁ። ከቧንቧ በቀዳሁት ውኃ፣ ሳፋዬ ውስጥ፣
አሰጠምኳት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አረፋ ጠበቅን።
አንድም አልወጣ።

ሁለት መቶ አልኩት፤ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ወጣ።
ዝናቡ ጀምሯል። ሰው ሁሉ ወደ በረንዳው ሲሮጥ
እሱ ቁልቁል፣ ወደ ለገሀር፣
ድሮ ባቡሩ ወደ ባሕር ከሚነሣበት፣
ካፖርቱን ደርቦ፣
ግራ እጅጌውን ብቻ እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣
ክንዱን ለዝናቡ ሰጥቶ ሄደ።