ቤት የምትመታ ጎረቤት

ታምፔሬ፣ በጥር። ገና ዘጠኝ ተኩል፣ ቀኑ መሽቶ አለቀ፤
የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጥላውን ጠቅልሎ ከሰማዩ ታረቀ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ እኔና ሬይኖ፣ ጊታሩ፣
ከፈረሰ ጭፈራ ቤት የተገዛ ማጉያ በሠላሳ ዩሮ፣
ጨርቁ የተተለተለ፣ አምፖሉ የጠቆረ፣ የሻከረ ጉሮሮ።

ሳውናው ውስጥ አስገባነው፤ ግድግዳው ጥድ ነው፤
ጥድ ድምፅ አይመልስም፣ ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ሬይኖ ነው የሚለው።
ማይኩን እኔ አቆምሁት፣
ከስፒከሩ እምብርት አንድ አውራ ጣት አርቄ።
መሐሉን ካየ ንብ ነው፣ ይናደፋል፤
ወደ ዳር ከሸሸ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያወራል፤
ልዩነቷ አንዲት ጣት ናት፤
ግን ድንበር ናት፣ ታጣላለች፤ አጣልታናለችም።

ሬይኖ ሽቦውን ሲመታው አምፖሎቹ ቀሉ፣ ጥዱ ሁሉ ራደ፤
ድምፁ ከአቅሙ በላይ ሞልቶ
ገደቡን እንደጣሰ የከተማው ወንዝ ጠርዙ ተቀደደ።
እና ከታች፦
ቋ። ቋ። ቋ።

የማሞቂያው ቧንቧ ነው። ማንኪያ ይሆናል፣ ወይ ዱላ፣ ወይ ጭልፋ፤
የታችኛዋ አውኔ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ ቤት ስትመታ በይፋ።
ቀረጻውን ጣልነው። እንደገና ጀመርን። እንደገና ቋ።
ማይክ ሁሉን ሰሚ ነው፣ አያዳላም ለማንም፤
ጊታሩን ይይዛል፣ ንዴቷንም ይይዛል፣
የመንገዱን ትራምም።

«በቃ» አለ ሬይኖ።
ማጉያው ጢቅ ጢቅ እያለ ቀዘቀዘ።
ጊታሩን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና
ፕለጊን ከፈተ፦ የማጉያ ሥዕል፣ ጨርቁ አዲስ፣ ቁልፎቹ ወርቅማ።
ማይኩም ሥዕል ነው፤ በማውስ ትጎትተዋለህ፣
ክፍሉም ሥዕል ነው፤ ካሻህ ካቴድራል፣ ካሻህ ጋራዥ ታደርገዋለህ።
ጎረቤት ብቻ የለውም።

አልዋሽም፣ ጥሩ ነበር።
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ በሁለት ጆሮ መካከል ግድግዳ የሚያፈርስ ድምፅ፤
ማዳመጫውን ስታወልቅ ግን ክፍሉ ውስጥ የሽቦው ጭረት ብቻ፣
ቁም ሣጥን ውስጥ እንደገባች አይጥ።
ሳምንት ሙሉ ቀረጽን። ንጹሕ። ያለ ትራም፣ ያለ ቋ።

በስምንተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ።

አውኔ ናት፤ በካልሲ፣ በእጇ ጭልፋ፣ አንገቱ የተጣመመ፤
«የሞታችሁ መስሎኝ» አለች፣ «ወይስ አንዳችሁ ታመመ?»
ሬይኖ ቀላ፣ ይቅርታ ጀመረ፤ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ሰዓቱ፣
«የምን ጩኸት? ሠላሳ ዓመት አኮርዲዮን ነፍቻለሁ በጭፈራ ቤቱ!
እኔን ያናደደኝ ጩኸት አይደለም፤
ሦስተኛው ምት ላይ ትጎተታለህ፣ ሁልጊዜ እዚያው ላይ!
ጆሮ አለህ ወይስ የለህም?»

ዝም ተባለ።
የጣልነውን ከቅርጫቱ አውጥቼ ሞገዱን ዘረጋሁ፣
የምት መስመሮቹን ከሥሩ አንጥፌ አንድ ባንድ መረመርሁ፤
የሬይኖ ጣት ሦስተኛው ላይ ዘግይታለች፣ ጥቅሻ ታህል፤
የአውኔ ቋ ግን መስመሩ ላይ ናት፣ እንደ ምስማር፣ እንደ ውል፤
ኮንክሪት ሰንጥቃ፣ በቧንቧ፣ በፈላ ውኃ አልፋ
አንድም ጊዜ ያልሳተች ጭልፋ።

ቤታችንን መታችው ብለን ስንበሳጭ፣
ለካ እሷ ቤት እየመታች ነበር፤
ቤት ያፈረስነው እኛ።

ዛሬ ማጉያው ሳውና ተመልሷል።
(ፕለጊኑን አልሰደብነውም፤ ሕፃናት ሲተኙ ተረኛ እሱ ነው።)
ሌላ ማይክ ጨምሬአለሁ፣ ከቧንቧው ሥር፣ በካልሲ ጠቅልዬ።
የመጀመሪያው አውራ ጣቱን ርቆ ቆሟል፤
አምፖሎቹ ቀልተዋል፤ ሬይኖ ይቈጥራል፦

አንድ፣
ሁለት፣

ሦስት አላለም።
ከታች ተባለለት።